ጤና ጣቢያውን ኃላፊው ይመራል፤ ኃላፊውንስ ማን ይደግፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት አሃድ የሚባለው አንድ ጤና ጣቢያና በሥሩ ያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት የሚሆኑ ጤና ኬላዎች ናቸው። በገጠር ይህ አሃድ ወደ 25,000 ለሚጠጋ ሕዝብ ታስቦ የተዋቀረ ነው። ቡድኑን የሚመራው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ይህ ሰው ወጣት ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ስለ መድኃኒት እጥረት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ባለሙያ እጥረትም እንዲሁ። ስለ ኃላፊው የሚነገረው ግን “ጎበዝ ነው” ወይም “ደካማ ነው” ከሚለው አያልፍም። ጎበዙን ማን እንዳበረታው፣ ደካማውን ማን ብቻውን እንደተወው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። “ድጋፍ” እና “የተሞክሮ ልውውጥ” በየሪፖርቱ ስለሚጻፉ፣ ነገሩ በተግባር ያለ ይመስለናል። በየስብሰባው የሚደጋገሙ አባባሎችን እያነሳን እንያቸው።

“ጎበዝ ባለሙያ ከሆነ ጤና ጣቢያውንም ይመራዋል”

ሹመቱ ብዙ ጊዜ በዚህ ስሌት ይመጣል። ትናንት ተመላላሽ ክፍል ሲያክም የዋለ ባለሙያ ዛሬ ጠዋት ማኅተም ይረከባል። ከማኅተሙ ጋር በየሁለት ወሩ የሚላክ የመድኃኒት ሪፖርትና ጥያቄ፣ ጤና ጣቢያው ሰብስቦ ራሱ የሚጠቀምበት የውስጥ ገቢ፣ በገቢው አጠቃቀም ላይ የሚወስን ቦርድ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሒሳብ፣ የወሊድ ክፍል የተረኛ ፕሮግራም፣ የማይነሳ ጀነሬተርና እርስ በርስ የተኳረፉ ሁለት አዋላጆች ይረከባል። የሕክምና ችሎታው ይጠቅመዋል፤ ባልደረቦቹ መጀመሪያ የሚያከብሩት በእርሱ ነው። ሆኖም ሕመምተኛን መመርመርና የሠራተኛን ቅሬታ መመርመር የተለያየ ሙያ ነው። አዋላጅ ልምድ ካላት ጋር ሳትሠራ ብቻዋን እንድታዋልድ አንፈቅድም። ኃላፊን ግን ከቀድሞው ጋር ለአንድ ሳምንት እንኳ ሳናውለው ወንበሩ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ አፈጻጸሙ ዝቅ ሲል እንገረማለን።

“ሥልጠና ልከነዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?”

ሥልጠና አይጠቅምም የሚል የለም። ጥያቄው ብቻውን የት ያደርሳል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ ቅኝት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የጤና ባለሙያዎችን አሠራር ለማሻሻል የተሞከሩ ስልቶችን አነጻጽሯል። የታተመ ጽሑፍ ማደል ብቻውን ያመጣው ለውጥ በመካከለኛ ልኬት 1.4 መቶኛ ነጥብ ነው። መመሪያ አባዝተን ስንበትን ሥራ የሠራን ለሚመስለን ሰዎች ይህ ቁጥር ቢሮ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ነው። ሥልጠና ብቻውን ወይም ክትትል ብቻውን ከ10 እስከ 16 ነጥብ ገደማ ያሻሻለ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ውጤቱ ወደ 18 ከፍ ብሏል። ባለሙያዎች በቡድን ተቀምጠው የራሳቸውን ችግር ለይተው የሚፈቱበት አካሄድ ብቻውን በተሞከረባቸው ጥናቶች ደግሞ መሻሻሉ ከ28 ነጥብ በላይ ሆኖ ታይቷል። አካሄዱ ከሌሎች ስልቶች ጋር የተቀላቀለባቸው ጥናቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ ዝቅ ስለሚል፣ እንደ ተአምር አንውሰደው። የሚያሳየው አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው።

የእኛ ልማድ በተቃራኒው ነው። ኃላፊው ለአምስት ቀን ወደ ከተማ ይጠራል፤ ስላይድ ያያል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ “ከተማርከው የትኛውን ሞከርህ? የት ላይ ተሰናከለ?” የሚለው ሰው የለም። ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ መስፈርት መሆኑ መልካም እርምጃ ነው። ቢሆንም የማሳደሻው ቀን ሲቃረብ የተገኘውን ኮርስ ሁሉ እየወሰዱ ነጥብ መሙላት አለ። ቡድን መምራት ያቃተው ሰው ነጥቡን ሌላ ርዕስ ላይ ሞልቶ ቢመጣ፣ ፈቃዱ ይታደሳል እንጂ ችግሩ አይነካም።

“ድጋፋዊ ክትትል በየጊዜው እየተደረገለት ነው”

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ በወረቀት ላይ ከሁሉ የተሻለው፣ በተግባር ደግሞ ከሁሉ የተበላሸው ይህ ነውና።

መኪናው ከወረዳ፣ ከዞን፣ አንዳንዴም ከአጋር ድርጅት የተቀላቀሉ ሰዎችን ይዞ ይደርሳል። ቼክ ሊስቱ ይወጣል። የክትባት ማቀዝቀዣው የሙቀት መመዝገቢያ አለ? አለ። የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ ቃለ ጉባኤ አለ? አለ። ለስንት እናቶች የምጥ መከታተያ ቅጽ ተሞልቷል? ይቆጠራል። ከሰዓት በኋላ ግብረ መልስ ይነበባል፤ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ የወደፊት አቅጣጫ። “በቀጣይ ትኩረት ተሰጥቶ ይሠራ” ተብሎ ይፈረማል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ያለፈውን ግብረ መልስ የሚጠይቅ የለም፤ ያው ድክመት በያው ቃላት እንደገና ይጻፋል።

ይህ ቁጥጥር ነው። ቁጥጥር አስፈላጊ ነው፤ የመንግሥት ንብረትና የሰው ሕይወት ያለበት ቦታ ያለ ቁጥጥር አይተውም። ችግሩ ቁጥጥሩን ድጋፍ ብለን መዝግበን፣ ድጋፉ እንደተሰጠ መቁጠራችን ነው። ድጋፍ የሆነ ጉብኝት የሚጀምረው ባለፈው ጉብኝት ከተፈጸመው ስምምነት ነው፤ ኃላፊው ቃል የገባውን ብቻ ሳይሆን ደጋፊው ቃል የገባውንም ይጨምራል። ወረዳው ቴክኒሽያን እልካለሁ ብሎ ካልላከ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ወረዳው ነው። ከዚያ ደጋፊው መዝገብ መቁጠሩን ትቶ አገልግሎቱ ሲሰጥ ያያል፦ ካርድ ክፍል ሰልፉ የት ላይ ይቆማል? የጠዋቱ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ማን ነው? ዝም የሚለውስ? ከሁሉ በላይ ኃላፊውን ሠራተኛው በሌለበት ለብቻው ያነጋግረዋል። በጽዳት ሠራተኛው፣ በነርሱና በፋርማሲስቱ ፊት የኃላፊን ድክመት መዘርዘር እርሱን ከማረም ይልቅ በማግስቱ የሚሰጠውን መመሪያ ክብደት ያሳጣዋል። መጨረሻ ላይ ሃያ ነጥብ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ላይ ተስማምተው ይለያያሉ፤ የሚመለሰውም ያው ሰው ይሆናል።

ቼክ ሊስቱን አጣጥዬ ከሆነ፣ አጭር ቢሆን ጠላት አልሆነውም።

“የሩብ ዓመቱ ግምገማ የመማማሪያ መድረክ ነው”

ጤና ጣቢያዎች በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ተቀልመው ስክሪን ላይ ሲደረደሩ፣ ቀይ ላይ ያለ ኃላፊ እጁን አውጥቶ “የወለደች እናት በሁለተኛው ቀን መጎብኘት አልቻልንም፤ እናንተ እንዴት ቻላችሁ?” ይላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ምክንያት ይደረድራል። አንዳንዱ ደግሞ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አሠራሩን ሳይሆን ቁጥሩን ያስተካክላል፤ የመረጃ ጥራት ችግር ከምናስበው በላይ የሚወለደው ከዚህ አዳራሽ ነው። “በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም” ይባላል፤ የሚያሸሽገው ግን አዳራሹ ራሱ ከሆነ ኃላፊውን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ግምገማው ይቀጥል። ከእርሱ ተለይቶ፣ ደረጃ የማይወጣበት፣ አለቃ የማይመራው፣ የአራት ወይም የአምስት አጎራባች ጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ወርኃዊ ውይይት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። አንዱ አሁን የያዘውን እውነተኛ ችግር ያቀርባል፤ ሌሎቹ ከመምከራቸው በፊት ይጠይቁታል። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ቀላል ትመስላለች፤ ምክር መስጠት በሚወድ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ከሁሉ የምትከብደው እርሷ ናት።

“ከእኩያ ምን ይማራል? ሁሉም አንድ ዓይነት ችግር ያለበት ነው”

ለዚህ ነው የሚማረው። አንድ ኃላፊ በወሊድ ክፍሉ ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን እየተሰጠ ደሙ ቶሎ አይቆምም ብሎ አቀረበ እንበል። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ አቅሙ ይቀንሳል። ጎረቤቱ “የእናንተ የት ነው የሚቀመጠው?” ይለዋል። መልሱ “ማዋለጃ ክፍል መደርደሪያ ላይ” ከሆነ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ። ማቀዝቀዣው ያለው ክትባት ክፍል ነው፤ የክትባት ባለሙያዋ ደግሞ ከክትባት በቀር ሌላ ነገር አታስገባም። እርሷም ትክክል ናት፤ እንዲያ ተብላ ነው የሠለጠነችው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባወጡት መግለጫ ኦክሲቶሲን ተለይቶና ምልክት ተደርጎበት በክትባት ቅዝቃዜ ሰንሰለት ሊቀመጥ እንደሚችል ገልጸዋል። እነዚህን ሁለት ክፍሎች አቀራርቦ የሚያስማማው አዋላጇ ወይም የክትባት ባለሙያዋ ሳትሆን ኃላፊው ነው። እንዲህ ያለው መፍትሔ ከዋና ከተማ ከመጣ መምህር ይልቅ ባለፈው ዓመት ያንኑ ጭቅጭቅ ካሳለፈ ጎረቤት ቶሎ ይገኛል።

ልዩ ባለሙያ ካለበት ቦታ ውጭ ጥራት የለም ለሚል ደግሞ ከሩቅ አገር አንድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ኤኮ የተባለ ፕሮጀክት የገጠር ሐኪሞችን በቪዲዮ በየጊዜው ያገናኛል፤ እያንዳንዱ የራሱን ሕመምተኛ ጉዳይ ያቀርባል፤ ልዩ ባለሙያዎችና እኩዮቹ አብረው ይወያዩበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት ሄፓታይተስ ሲ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የታከሙ 57.5 በመቶ፣ በገጠርና በማረሚያ ቤት ባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች የታከሙ ደግሞ 58.2 በመቶ ለሕክምናው ጥሩ ምላሽ አግኝተዋል። ሐኪሞቹ ያሉበት ቦታ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ብቻቸውን አለመሥራታቸው ነው።

“የልምድ ልውውጥ ማለት ሞዴል ጤና ጣቢያን መጎብኘት ነው”

አውቶቡስ ሞልተው ሄደው፣ ቀለም የተቀባ አጥርና የተለጠፈ ግራፍ አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው መመለስ ነው ብዙ ጊዜ። ሞዴል የተባለው የውኃ መስመርና ተጨማሪ ድጋፍ ካለው፣ ጎብኚው የሚማረው የራሱን ድህነት ብቻ ነው። ጉብኝት ከተደረገ ውጤቱን ሳይሆን ወደዚያ ያደረሰውን ጭቅጭቅ፣ የከሸፈውን ሙከራ ጭምር አስተናጋጁ ይናገር።

“የቴሌግራም ቡድን ከፍተናል”

ቡድኑን ገብቶ ያየ ያውቀዋል፦ ደብዳቤ፣ አስቸኳይ ሪፖርት፣ የበዓል መልካም ምኞት። አለቃ ያለበት ቡድን ውስጥ “ቸግሮኛል” ብሎ የሚጽፍ የለም። የሕመምተኛ ፎቶና ካርድ በዚያ መላክ ደግሞ ፈጽሞ መቆም ያለበት ነው።

“ድጋፍ የሚፈልግ ኃላፊ ደካማ ነው”

እናት በጤና ጣቢያው ወይም ወደ ሆስፒታል በመንገድ ላይ እያለች ስትሞት ኃላፊው ቤተሰቡን ያነጋግራል፣ ሠራተኛውን ያረጋጋል፣ ሪፖርት ይጽፋል። እርሱንስ ማን አነጋገረው? አገራችን እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረችው የእናቶች ሞት ክትትልና ምላሽ ሥርዓት አንድ ትልቅ መርሕ አለው፤ የሚመረመረው ሞቱ ለምን ተከሰተ የሚለው እንጂ ማን አጠፋ የሚለው አይደለም። ይህን መርሕ በጽሑፍ የተቀበሉ ሰዎች በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ “ተረኛው ማን ነበር?” ሲሉ መስማት ያሳዝናል። ውቀሳ ባለበት ቦታ የሚቀጥለው ሞት በመዝገብ ላይ ሌላ ስም ይሰጠዋል። በእንግሊዝ አገር የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማይክል ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጠቅላላ ሕክምና ሐኪሞችን በትንንሽ ቡድን ሰብስቦ፣ ሕመምተኞቻቸው በውስጣቸው ስለፈጠሩት ስሜት እንዲነጋገሩ አድርጎ ነበር። አካሄዱ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ሐኪሞቹ ደካሞች ስለነበሩ አልነበረም የተሰበሰቡት።

“ኃላፊው ስለሚቀያየር ልፋቱ ከንቱ ነው”

መቀያየሩ እውነት ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ኃላፊ የሚያይ ጤና ጣቢያ አለ። ድምዳሜው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ሲቀያየር እውቀቱ አብሮ የሚሄደው በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ሲቀመጥ ነው። የአጎራባቾች ቡድን ካለ አዲሱ ተሿሚ በመጀመሪያው ወር የሚደውልላቸው አራት ሰዎች አሉት፤ ከጤና ኬላዎቹ የትኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብቻዋን እንደምትሠራ፣ የትኛው ቀበሌ በክረምት በጎርፍ እንደሚቆረጥ የሚነግሩት። ወረዳው ማድረግ የሚችለው ሌላው ነገር ርክክቡን ከንብረት ዝርዝር ማሳለፍ ነው። ማይክሮስኮፕና ሞተር ሳይክል ተቆጥረው ይፈረምባቸዋል፤ በእጅ ላይ ያሉ ያልተፈቱ ሦስት ችግሮች፣ እስካሁን የተሞከረውና ያልሠራበት ምክንያት ግን አይጻፍም። እርሱን የሚይዝ አንድ ገጽ የርክክብ ሰነዱ ላይ ቢጨመር ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።