በተራ መገንባት፣ በተራ ማውጣት፦ የተሳሰሩ የሶፍትዌር ፓኬጆች ከኮምቦልቻ ሲታዩ

በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጥ ገብቶ ጨርቅ እስኪወጣ ድረስ ሥራው የሚሄደው በተራ ነው፤ ጥጡ ሳይፈተል ሽመና፣ ሳይሸመንም ማቅለም የለም። በሶፍትዌር ሥራ የግንባታና የልቀት ሰንሰለት፣ በባለሙያዎቹ አፍ «ፓይፕላይን»፣ የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው የጻፈው ኮድ ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ሲቀየር ግንባታ ይባላል። የተገነባው ተፈትሾ፣ የስሪት ቁጥር ተሰጥቶትና ተፈርሞበት ለተጠቃሚ ሲደርስ ልቀት ነው። ፓኬጅ ደግሞ ለአንድ ሥራ ተለይቶ የታሸገ የኮድ ክፍል ነው። ፓኬጁ አንድ ብቻ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ፓኬጆቹ በዝተው አንዱ በሌላው ላይ ሲደገፍ ነው፤ ፈታዩ የክሩን ውፍረት ለማንም ሳይናገር ቢለውጥ ሸማኔው ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ይበቃል።

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከጨርቃ ጨርቁ ሌላ ቢራ ፋብሪካ፣ ብረታ ብረት፣ ደረቅ ወደብ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ይህ ሁሉ መጋዘን፣ ደመወዝና ደረሰኝ አለው፤ ስለዚህ ሶፍትዌር ይፈልጋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። ተመርቀው ከሚወጡት ብዙዎቹ አዲስ አበባ ይገባሉ፤ የቀሩት ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራዩና ለነጋዴ ፕሮግራም ይሠራሉ። ስለ ልቀት የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ ሥራውን ብቻ የሚመራ ራሱን የቻለ ቡድን እንዳለ ቆጥረው ነው የሚናገሩት። እዚህ ግን ኮዱን የጻፈው፣ የፈተሸውና ፍላሽ ይዞ መጋዘን ድረስ የሄደው ያው አንድ ሰው ነው።

እኔም ጉዳዩ በቅጡ የገባኝ በራሴ ስሕተት ነው። ሦስት ፓኬጆች ነበሩን። አንደኛው የፈረንጅን ቀን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር የቀን መቁጠሪያ፣ ሁለተኛው በእሱ ላይ የተደገፈ ደረሰኝ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም የሚጠቀም የመጋዘን ፕሮግራም ነው። የቀን መቁጠሪያውን ስንጽፍ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርገናት ኖሯል። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ከልጅነቱ ያልሰማ ሰው የለም፤ ኮድ ሲጽፉ ግን የሚያውቁት ይጠፋል። ስሕተቱን በነሐሴ 2015 አግኝተን አረምነው፤ ፍተሻውም አለፈ። ደስ ብሎን ሦስቱንም አዲስ ቁጥር ሰጥተን አወጣን። ሳናስተውል የቀረነው ደረሰኙ የተገነባው የታረመው የቀን መቁጠሪያ ፓኬጆቹ ለግንባታ ከሚወሰዱበት ማከማቻ ከመግባቱ ሩብ ሰዓት በፊት መሆኑን ነው። ደረሰኙ አሮጌውን በሆዱ እንደያዘ ታሸገ። መጋዘን የሚጠብቁ አንድ አባት ማለዳ ደወሉ፦

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ጳጉሜን ስድስት ነው፤ ወረቀትህ ዐውደ ዓመት አደረገው። ዶሮውን ዛሬ ልረደው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ የእኛ ጥፋት ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ኮዱ ግን ትክክል ነበር። የተሳሳተው ተራው ነው። የፓይፕላይን ሥራ ከሞላ ጎደል ይህንን ተራ በሰው ትውስታ ላይ ላለመተው የሚደረግ ጥረት ነው።

ጥረቱ አዲስ አይደለም። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብራቶሪ «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ የሠራው ተመሳሳይ ብስጭት ከደረሰ በኋላ ነው፤ የታረመው ፋይል እንደገና ስላልተገነባ አንድ ባልደረባው የሌለ ስሕተት ሲፈልግ ውሎ ነበር። ሜክ «ይህ ከዚያ ይመጣል» የሚል ዝርዝር ተጽፎ ሲሰጠው የተለወጠውንና በእሱ ላይ የተደገፈውን ብቻ በተራ ይገነባል። ተራውን የማውጣት ስሌት ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ አርተር ካን እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ዘዴ በማንም ላይ ያልተደገፈውን አንስቶ ያወጣል፣ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል፣ ከቀሩት መካከል ደግሞ አሁን ነጻ የሆነውን ይፈልጋል። እንዲህ እያለ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ተራው ተገኘ። ፓኬጆች ቀርተው አንዳቸውም ነጻ ካልሆኑ ግን እርስ በርስ ተጠላልፈዋል ማለት ነው፤ ደረሰኙ የቀን መቁጠሪያውን፣ የቀን መቁጠሪያውም ደረሰኙን ይፈልጋል። መፍትሔው ሁለቱም የሚጋሩትን ነገር ነቅሎ ሦስተኛ ፓኬጅ ማድረግ ነው። ብልሃት ፈጥሮ ቋጠሮውን እንዳለ ለመገንባት የሚሞክርም አለ፤ አልመክርም።

የስሪት ቁጥር በሦስት ክፍል ይጻፋል፤ ለምሳሌ 2.4.1። የመጨረሻው ከፍ ሲል ስሕተት ታርሟል፤ መካከለኛው ሲጨምር የቀድሞውን ሳይነካ አዲስ ነገር ገብቷል፤ የመጀመሪያው ከተለወጠ ግን በፓኬጁ ላይ የተደገፈ ሁሉ ይጠንቀቅ። ይህንን ልማድ በሥርዓት የጻፈው ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያኖሩበት ድረ ገጽ ከሆነው ከጊትሀብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን ወርነር ነው። ቁጥሩ ቃል ኪዳን እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን ግን ማስታወስ ያሻል፤ ትንሽ እርማት ነው የተባለው ለውጥ ስንቱን ሥራ አስቁሟል። ክፉው ሁኔታ ሁለት ፓኬጆች የአንድን ሦስተኛ ፓኬጅ የተለያዩ ስሪቶች ሲፈልጉ ነው። የደመወዝ ፓኬጁ ከቀን መቁጠሪያ 1 ጋር ብቻ ይስማማል፣ ደረሰኙ 2 ካልሆነ ይላል፣ የመጋዘን ፕሮግራሙ ደግሞ ሁለቱንም ይዞ መነሣት አለበት። አንዳንድ የፕሮግራም ቋንቋዎች ሁለቱን ስሪቶች ጎን ለጎን ያኖራሉ፤ በሌሎቹ ደመወዙን ወደ 2 ከማሻገር በቀር መውጫ የለም።

የተፈተሸው ስሪት የትኛው እንደነበር የሚመዘግብ ቁልፍ ፋይል አለ፤ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ቁጥርና ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ አሻራ ይይዛል። እንደ እኔ ከሆነ ጀማሪ ቢሮ ሁሉ መጀመሪያ ሊይዘው የሚገባው ይህንን ነው። ሁለተኛው የተጠቀሙበትን ፓኬጅ ሁሉ በራስ ሰርቨር ቅጂ ማስቀመጥ ነው። መብራት በሚሄድበትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ በየግንባታው ሁሉንም ከባሕር ማዶ እንደ አዲስ ማውረድ ዕብደት ነው። ቅጂ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ደግሞ መስመር ለሚቆራረጥበት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 «ሌፍት ፓድ» የተባለች 11 መስመር ብቻ ያላት ፓኬጅ በባለቤቷ ኤንፒኤም ከሚባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች የጋራ ማከማቻ ስትነሣ፣ ሳያውቁ የተደገፉባት በዓለም ዙሪያ ያሉ ግንባታዎች ወደቁ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ተመለሰች። ቅጂ የነበረው ወሬውን ያለ ድንጋጤ ሰማ።

የጥገኝነት ዝርዝር፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም በየትኞቹ ፓኬጆች ላይ እንደሚደገፍ የሚያሳይ ዝርዝር፣ ምን እንደሚጠቅም ዓለም በደንብ የተማረው በኅዳር 2014 መጨረሻ ነው። ጃቫ በሚባለው ቋንቋ የተሠሩ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት «ሎግፎርጄ» የተባለ የክንውን መመዝገቢያ ፓኬጅ ለሰርጎ ገብ የሚመች ከባድ ቀዳዳ እንዳለበት ይፋ ሆነ። እርማቱ በፍጥነት ወጣ፤ ከባዱ ጥያቄ «እኛ ጋ አለ ወይ?» የሚለው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ፓኬጁ የተደበቀው በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ጥገኝነት ውስጥ ነበርና። በዚያው ሳምንት ደሴና ኮምቦልቻ ከጦርነቱ ገና መውጣታቸው ነበር፤ ብዙው ሰው ሰርቨሩን ከማሰቡ በፊት ቤቱን ማየት ነበረበት።

በትልቁ ሲሠራ ማየት ለሚፈልግ ደቢያን የተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ ተጀምሮ ዛሬ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆች አሉት። አዲስ የተሠራ ፓኬጅ መጀመሪያ «ያልተረጋጋ» በሚባለው ክፍል ይቀመጣል። እዚያ የተወሰኑ ቀናት ቆይቶ፣ በተለመደው አሠራር አምስት፣ አዲስ ከባድ ስሕተት ካልተገኘበትና የሚደገፍባቸው ሁሉ ካሉ ወደ «ሙከራ» ያልፋል፤ «የተረጋጋ» የሚባለው ዋናው ልቀት የሚወጣው ከዚያ ነው። አንዱ መሠረታዊ ፓኬጅ የመጀመሪያ ቁጥሩን ሲለውጥ የሚደገፉበት ሁሉ እንደገና ተገንብተው አንድ ላይ እንዲያልፉ ይደረጋል። ሌሎች፣ ጉግልን ጨምሮ፣ አብዛኛውን ኮዳቸውን በአንድ ማከማቻ ያኖራሉ፤ የቀን መቁጠሪያውን የለወጠ ሰው በዚያው ለውጥ ደረሰኙንም ያስተካክላል። ለሦስት ሰው ቢሮ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል።

የልቀት ፊርማ፣ ማለትም ልቀቱን ያወጣው ሰው በኮምፒውተር የሚያኖርበት ምልክት፣ የመጣው ጥቅል በመንገድ ላይ ያልተነካ መሆኑን ያሳያል፤ የፈራሚውን ልብ ግን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፋይል ለማመቅ በሚያገለግለው በ«ኤክስዜድ» ፓኬጅ የተገኘው ተንኮል ለዚህ ምስክር ነው። ክፉውን ሥራ የሚያስጀምረው የግንባታ ትእዛዝ በግልጽ በሚታየው የኮድ ማከማቻ አልነበረም፤ ለልቀት በታሸገው ጥቅል ውስጥ ብቻ ገብቷል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው የደረሰበት። ከአንድ ኮድ ማንም ቢገነባ አንድ ዓይነት ውጤት እንዲወጣ የሚደረገው ዓለም አቀፍ ጥረት ከኮዱ ጋር የማይዛመድ ጥቅልን ለመያዝ ይረዳል።

የሚወጣበት ቀንም ይመረጣል። በደሴ ትልቁ ገበያ ሰኞ ነውና፣ ለነጋዴ የሚሠራ ሰው እሑድ ማታ አዲስ ስሪት አይለቅም። ቢለቅም የቀድሞው ስሪት ሳይጠፋ ጎኑ ተቀምጦ፣ በአንድ ትእዛዝ መመለስ መቻል አለበት።

ከዚያች ማለዳ ወዲህ በእኛ ቢሮ የቀን መቁጠሪያው በተነካ ቁጥር ደረሰኙና መጋዘኑ ያለ ማንም ትእዛዝ ተከትለው ይገነባሉ። ፍተሻውም የሚሠራው ታሽጎ በተዘጋጀው ደረሰኝ ላይ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ብሎ አንድ ኩንታል ጤፍ ይሸጥና ወረቀቱ ላይ የታተመውን ቀን ያነባል።