ቀልብ እና ዳገት፦ በደሴ የትኩረት ማጣትን በእንቅስቃሴ ማገዝ

ደሴ ላይ «ቀልቡ የለም» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ ማንንም አይረብሽም። ደብተሩን ረስቶ ይመጣል፣ የተላከበትን ዕቃ መንገድ ላይ ይዘነጋል፣ መምህሩ ሲያስረዱ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው። ስለማይረብሽም ሐኪም ዘንድ የሚወስደው የለም፤ በተለይ ሴቶች ልጆች «ዝምተኛ ናት» ተብለው ይታለፋሉ። እንዲህ ያለው ባሕርይ ጸንቶ ከቆየ፣ መቁነጥነጥ ሳይሆን ትኩረት ማጣት የሚያመዝንበት የኤዲኤችዲ (የትኩረት ማጣትና የመቁነጥነጥ ችግር) ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ኤዲኤችዲ ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘና በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ ከ9 የትኩረት ማጣት ምልክቶች ቢያንስ 6ቱ (17 ዓመት ከሞላ 5ቱ) ለ6 ወር መታየት፣ የተወሰኑትም ከ12 ዓመት በፊት መጀመር አለባቸው። ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየታቸው ግድ ነው። ሒሳብ ብቻ የሚሰለቸው ልጅ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ትኩረትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራውን የሚሠራው በዶፓሚንና በኖርአድሬናሊን እገዛ ነው። ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት የተባለው መድኃኒት የሚያግዘው እነዚሁን ኬሚካሎች ነው፤ ልብን የሚያፋጥን እንቅስቃሴም ለጊዜው ከፍ ያደርጋቸዋል ተብሎ ይታመናል። ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ 20 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ ከተደረገ በኋላ ትኩረት ሲሻሻል ታይቷል። ውጤቱ ግን ቶሎ ይበርዳል፤ መድኃኒትንም አይተካም። ስለዚህ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፦ ትምህርት ከማጥናት በፊት እንጂ ማታ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አይደለም።

መጠነኛ የሚባለው ምን ያህል ነው? እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ አምባሰል ለማዜም ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ፍጥነት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ደሴ ይህን ማግኘት አይከብድም፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች ወደ ፒያሳ ወርዶ በእግር መመለስ ይበቃል፣ ባጃጅ ካልተጠራ በቀር። ከቆላ ለመጣ እንግዳ ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱታል፤ ቀስ ብሎ መጀመር ይሻለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመጠነኛ እስከ ጠንካራ፣ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቁጥሩን መናገር ቀላል ነው። ቀልቡ የሚበተን ሰው ግን ስፖርት እንደሚጠቅመው እያወቀ ጫማውን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል፤ በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቸዋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ በብርቱ ፈቃድ ላይ ከመተማመን ይልቅ እንቅስቃሴውን የግድ ከሚሄዱበት መንገድና ከማይቀር ጓደኛ ጋር ማሰር ያዋጣል። ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ሲጣራ መርሳት አይቻልም።

ሐሳብ የሚጠይቅ ጨዋታም ከደረቅ ሩጫ የተሻለ ይይዛል። ቴኳንዶ ተራን ማስታወስ ይጠይቃል፤ ኳስ ደግሞ ሌላውን ማየት። የሰፈር ልጆች ሰኞ ማክሰኞ እንኳ ጠጠር ወርውሮ፣ መስመር ሳይነኩ በአንድ እግር ዘሎ፣ ተራ ጠብቆ የሚጫወቱት ነው፤ ወጪው አንድ ጠጠርና አንድ ቁራጭ ጠመኔ።

ከደሴ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ጎረቤቷ ኮምቦልቻ ትሞቃለች፤ እዚያ ማለዳው ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ዳገቱ ስለሚያንሸራትት ቤት ውስጥ ገመድ መዝለል ያዛልቃል። በረመዳን የሚጾም ሰው ጠንከር ያለውን ከአፍጥር በኋላ ቢያደርግ ይሻለዋል፣ ውኃ ጠጥቶ። ሜቲልፌኒዴት የልብ ምትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከባድ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክራል።