ዋት ፖ፦ የባንኮኩ የተኛው ቡድሃ ቤትና በድንጋይ የተጻፈው ትምህርቱ

ዋት ፖ በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ፣ ከቻው ፕራያ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት በስተደቡብ የሚገኝ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ነው። «ዋት» የሚለው የታይ ቃል የጸሎት ቤቱን፣ የመነኮሳቱን መኖሪያ፣ የአካባቢውን ሕዝብ መሰብሰቢያና በቀድሞው ዘመን ልጆች ፊደል ይቆጥሩበት የነበረውን ቅጥር ግቢ ሁሉ በአንድነት የሚጠራ ስለሆነ፣ ከ«ቤተ መቅደስ» ይልቅ «ገዳም» የሚለው የአማርኛ ቃል ይቀርበዋል። የግቢው ስፋት 80,000 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቼቱፖን የሚባል ጎዳና ለሁለት ይከፍለዋል። በሰሜን ያለው ክፍል ሐውልቶቹና የጸሎት ሕንፃዎቹ የሚገኙበት፣ ለጎብኚም ክፍት የሆነው ነው፤ በደቡብ ያለው ደግሞ መነኮሳቱ የሚኖሩበት በመሆኑ ከግንቡ ውጭ ካለው የመኪናና የባጃጅ ጩኸት ጋር ሲነጻጸር ሌላ ከተማ ይመስላል።

አብዛኛው ጎብኚ ወደዚህ የሚመጣው ዝነኛውን የተኛ ቡድሃ ለማየት ነው፤ አይቶም ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ባንኮክ ግዙፍ የቡድሃ ሐውልት አጥታ አታውቅም። ዋት ፖን ከሌሎቹ የከተማዋ ገዳማት የሚለየው አንድ ንጉሥ የዘመኑን ዕውቀት በድንጋይ አስቀርጾ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ ቆሞ እንዲያነበው በግድግዳና በምሰሶ ላይ ማስለጠፉ ነው። ይህ ጽሑፍም ከሐውልቱ ይልቅ ወደ ድንጋዮቹ ማዘንበሉ አይቀርም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ታይላንዳውያን ራሳቸው ከዚህ ላይ 543 ጨምረው በቡድሃ ዘመን ስለሚቆጥሩ፣ በየድንጋዩና በየደረሰኙ ላይ 2500ን ያለፈ ዓመት የሚያይ እንግዳ ሊደነግጥ አይገባውም። የራሱ የዘመን አቆጣጠር ላለው የኢትዮጵያ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ቦታው ከባንኮክ ዋና ከተማነት በፊትም ገዳም ነበር። የቀድሞው ስሙ ዋት ፖታራም ሲሆን፣ ዛሬም ሕዝቡ በአጭሩ «ፖ» የሚለው ከዚያ የቀረውን ነው፤ ስሙ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃነ አእምሮ አገኘ የሚባልበትን የቦዲ ዛፍ ያመለክታል። ይህ ዛፍ የእኛ ዋርካ የቅርብ ዘመድ ነው። በ1767 የበርማ ጦር የቀድሞዋን መናገሻ አዩታያን ካቃጠለ በኋላ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በ1782 ዛሬ በሥልጣን ላይ ያለው የቻክሪ ሥርወ መንግሥት መሥራች ቀዳማዊ ራማ ባንኮክን ዋና ከተማው አደረጋት። ንጉሡ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያረጀውን ገዳም በ1788 ማሳደስ ጀምሮ በ1801 አስፈጸመ፤ በጦርነቱ ከፈራረሱት የሰሜን ገዳማት ሜዳ ላይ የቀሩትንም የቡድሃ ምስሎች ሰብስቦ ብዙዎቹን እዚህ አስቀመጠ። ዛሬ በግቢው ውስጥ ከ1,000 በላይ የቡድሃ ምስሎች መኖራቸው ከዚህ የመጣ ነው። በየመተላለፊያው በረድፍ ተቀምጠው የሚታዩት ምስሎች ፊታቸው አንዱ ከሌላው የማይመሳሰለው፣ የተለያየ ዘመንና የተለያየ አገር ስደተኞች በመሆናቸው ነው።

ገዳሙ የዛሬውን መልክ የያዘው ግን በሣልሳዊ ራማ ዘመን ነው። በ1832 የተጀመረው ሁለተኛው እድሳት 16 ዓመት ከ7 ወር የፈጀ ሲሆን፣ የተኛው ቡድሃም የተሠራው በዚሁ ጊዜ ነው። ሐውልቱ በጡብ ተገንብቶ በኖራ ተለስኖ ቅርጽ ከወጣለት በኋላ በስስ የወርቅ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር ነው። የሚያሳየው ቡድሃ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ከዚህ ዓለም ሲለይና ወደ መጨረሻው ዕረፍት ወደ ኒርቫና ሲገባ ነው፤ ስለዚህም ፊቱ ላይ የሕመም ምልክት የለም። አዳራሹ ለሐውልቱ በልክ የተሰፋ ልብስ ይመስል እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ሙሉውን አካል ከአንድ ቦታ ቆሞ ማየት አይቻልም። በምሰሶዎቹ መካከል በመጀመሪያ ግዙፉ ፊት፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ ቀጥሎ ረጅሙ ጎኑ፣ በመጨረሻ እግሩ እየተቆራረጠ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የውስጥ እግሩ ነው። የሁለቱ እግሮች መርገጫ 3 ሜትር ቁመትና 5 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ጥቁር መደቡ ላይ የሚያብረቀርቅ የዛጎል ቅርፊት በስለት እየተቆረጠ ተለብጦበታል። መሀሉ ላይ ክብ የመንኰራኩር ምልክት አለ፤ በዙሪያው በትናንሽ ቤቶች ተከፋፍለው የተሣሉት 108 ምልክቶች ደግሞ ዝሆን፣ አበባ፣ መርከብ፣ ቤተ መንግሥትና የመሳሰሉት፣ በቡድሂስቶች ዘንድ የመልካም ዕድል ምልክት ተብለው የሚታወቁ ናቸው። አሥሩም ጣቶች እኩል ርዝመት ያላቸው ሲሆን በየጫፋቸው የጣት አሻራ መስመር ተጠምዝዞ ይታያል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ዛጎሉ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ እየመሰለ ይለዋወጣል።

ከሐውልቱ ጀርባ በግድግዳው ርዝመት ልክ 108 የነሐስ ጋኖች ተደርድረዋል። እነዚህ የገዳሙ ሙዳየ ምጽዋት ናቸው። ምእመኑም ቱሪስቱም በጥቂት ባት፣ ማለትም በታይላንድ ገንዘብ፣ የሳንቲም ጣሳ ይገዛና በየጋኑ አንዳንድ ሳንቲም እየጣለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሳንቲሙ ነሐሱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ አዳራሹን ሁሉ ስለሚሞላ፣ ሐውልቱን ከፊት በኩል የሚያይ ሰው ከወዲያ ማዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መጣል የጀመረ ካፊያ ያለ ይመስለዋል።

ከአዳራሹ ውጭ በየሰቀላው ግድግዳና ምሰሶ ላይ የተለጠፉት ጽሑፎች ከ1,400 በላይ ናቸው። ሣልሳዊ ራማ ይህን ያሠራው አዩታያ በወደቀች በ65 ዓመቷ ነው፤ በዚያች ከተማ ቃጠሎ በዘንባባ ቅጠልና በወረቀት የተጻፉ መጻሕፍት ብዙዎቹ ጠፍተዋልና፣ ድንጋይ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። መድኃኒት አዋቂነት በዚያ ዘመን በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ ተደብቆ የሚተላለፍ ሙያ ነበር። ይህ ለእኛም አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ የሥሩን ስም ለማንም ሳይናገር የሞተ መድኃኒት አዋቂ ያልነበረበት መንደር አይገኝም። ንጉሡ የየሙያውን ሊቃውንት ሰብስቦ የሚያውቁትን አስጻፈ። ጽሑፎቹ ስለ በሽታና መድኃኒት፣ ስለ ገዳሙ ታሪክ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ግጥም ሕግ፣ ስለ ምሳሌያዊ አነጋገርና ሥነ ምግባር ይናገራሉ። የ32 ሕዝቦችን መልክና አለባበስ በግጥም የሚገልጽ ክፍልም አለ፤ በውስጡ ጃፓናዊው፣ ዓረቡ፣ ፈረንሳዊውና አፍሪካዊው ሳይቀር ተጠቅሰዋል። ዩኔስኮ ይህን ስብስብ በ2011 በዓለም የትውስታ መዝገብ አስፍሮታል።

ከእነዚህ ሁሉ ጎብኚን የሚይዘው በመድኃኒት ሰቀላው ውስጥ ያለው የሰውነት ሥዕል ነው። በ60 የድንጋይ ሰሌዳዎች ላይ ከፊትና ከኋላ የሚታይ ራቁት ሰው ተቀርጿል፤ ከእምብርቱ አካባቢ ተነሥተው ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ ራስ የሚሄዱ መስመሮች፣ በመስመሮቹም ላይ ጣት የሚያርፍባቸው ነጥቦች አሉ፤ የትኛው ነጥብ ለየትኛው ሕመም እንደሚታሽ በየጎኑ ተጽፏል። በግቢው ባሉ ሰው ሠራሽ ጉብታዎች ላይ ደግሞ ጢማም ባሕታውያን አንዱ እግሩን ሰቅሎ፣ አንዱ ክንዱን ጠምዝዞ ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰውነትን ለማፍታታት የሚደረጉ እንቅስቃሴዎችን የሚያስተምሩ ናቸው፤ በ1836 ከብረታ ብረት ቅይጥ ቀልጠው ከተሠሩት 80 ሐውልቶች ዛሬ የቀሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ገዳሙ «የታይላንድ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ማጋነን አለበት፤ ተመዝጋቢም ተመራቂም አልነበረውምና። በግድግዳ ላይ ያለ ቤተ መጻሕፍት ቢባል ይበልጥ ይስማማዋል።

ትምህርቱ ግን በድንጋይ ላይ ደርቆ አልቀረም። በ1955 በገዳሙ ውስጥ የባህል ሕክምና ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ዛሬ ማሳጅ ለመማር ከብዙ አገር ሰው ይመጣበታል። የታይ እሽታ ተገልጋዩ ልብሱን እንደለበሰ በፍራሽ ላይ ተጋድሞ፣ ባለሙያው በአውራ ጣት፣ በክርንና በጉልበት እየተጫነ፣ እጅና እግሩንም እየጎተተ የሚሠራው ነው፤ በዘይት ከሚደረገው ለስላሳ ማሸት ይልቅ የአገራችን ወጌሻ ከሚሠራው ጋር የሚቀራረብ ሥራ ስለሆነ፣ ለመዝናናት ብቻ የገባ ሰው «ቀስ!» ማለቱ አይቀርም። ዩኔስኮ ይህንንም በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አገልግሎቱ በግቢው ውስጥ ባሉት ሰቀላዎች ስለሚሰጥ፣ ከጉብኝት በኋላ ለደከመ እግር ከዚህ የቀረበ ቦታ የለም።

ከሩቅ የሚታዩት አራት ረጃጅም ሾጣጣ ግንቦች ቼዲ ይባላሉ። እያንዳንዳቸው 42 ሜትር ከፍታ ሲኖራቸው በባለቀለም ሸክላ ስብርባሪ በአበባ ቅርጽ ተለብጠዋል፤ ለመጀመሪያዎቹ አራት የቻክሪ ነገሥታት የቆሙ መታሰቢያዎች ናቸው። አረንጓዴው የቀዳማዊ ራማ ሲሆን፣ በውስጡ በርማውያን ወርቁን ለመግፈፍ በእሳት ያቀለጡት የአዩታያ ታላቅ ሐውልት ቅሪት ተቀብሯል። ነጩ የዳግማዊ ራማ፣ ቢጫው የሣልሳዊ ራማ፣ ሰማያዊው የራብዓዊ ራማ ነው። የመነኮሳት ሹመት የሚፈጸምበት ዋናው የጸሎት ቤት ኡቦሶት ይባላል፤ በውስጡ ካለው የቡድሃ ምስል መቀመጫ ሥር የቀዳማዊ ራማ ዐመድ ከፊሉ ይገኛል። የተኛውን ቡድሃ የሚከበው ሰው እዚህ ስለማይደርስ፣ ተቀምጦ ዝም ለማለት የሚፈልግ ከዚህ ይግባ።

በየበሩ የቆሙት የድንጋይ ዘበኞች ከቻይና የመጡ ናቸው። ሩዝ ጭነው ወደ ቻይና የሄዱ መርከቦች ሲመለሱ ቀልለው እንዳይንገዳገዱ ለክብደት ተጭነው እንደመጡ ይነገራል፤ ከመካከላቸው ረጅም ባርኔጣ የደፉ ፈረንጅ የሚመስሉም አሉ። ስለ ገዳሙ የአገሬው ግዙፍ ዘበኞች ደግሞ አንድ ተረት አለ። የዋት ፖው ግዙፍ ከወንዙ ማዶ ካለው ከዋት አሩን ግዙፍ ገንዘብ ተበድሮ ሳይመልስ ይቀራል፤ አበዳሪው ወንዙን ተሻግሮ ይመጣና ይተናነቃሉ፤ ሲረጋገጡም በመካከላቸው ያለውን ሰፈር ሁሉ ደምጥጠው ጠፍ አደረጉት። ጀልባ የሚቆምበት ታ ቲየን የሚባለው ወደብ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው ይባላል፤ «ቲየን» ማለት ገላጣ ማለት ነውና።

ወደ ገዳሙ ለመድረስ ከመንገድ መጨናነቅ የሚያድነው በ2019 የተከፈተው የሳናም ቻይ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወይም ወደ ታ ቲየን የሚሄደው የወንዝ ጀልባ ነው። ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ባንኮክ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ጥቂት አይደለምና አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል፦ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ላሳይህ» የሚል ትሑት ሰው ቢያጋጥም፣ የሚያመራው ብዙውን ጊዜ ወደ ጌጣጌጥ ወይም ወደ ልብስ ሱቅ ነው፤ እስከ ገዳሙ በር ሄዶ በራስ ዓይን ማረጋገጥ ይሻላል።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው። ጫማ ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ ይወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ጫማውን አውልቆ የሚገባ የአገራችን ሰው ይህን ሳይነገረው ያደርገዋል። ሊነገረው የሚገባው ሌላ ነው፦ የበሩ መድረክ አይረገጥም፣ በላዩ ታልፎ ይገባል፤ ሲቀመጡ የእግር መርገጫ ወደ ቡድሃ ምስል ወይም ወደ መነኩሴ አይዞርም፤ መነኩሴን ሴት አትነካውም፣ የምትሰጠውንም ዕቃ እጅ ለእጅ አታቀብለውም። መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ ለሦስት ወር ከገዳማቸው ርቀው አያድሩም፤ ይህም በከፊል ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። የቡድሃ ልደት፣ ብርሃነ አእምሮና ዕረፍት በአንድ ላይ በሚታሰብበት በቪሳካ ቡቻ ማታ ምእመናኑ ሻማ፣ ዕጣንና አበባ ይዘው ኡቦሶቱን በቀኛቸው እያደረጉ ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ ዑደት የሚለውን ቃል ለሚያውቅ አንባቢ ሌላ ማብራሪያ አያሻም።

በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ አስጎብኚ ማኅበራት የሚያመጡት ሕዝብ ሳይበዛና ንጣፉ ድንጋይ ሳይግል በዚያ ሰዓት መድረስ ይመረጣል። ስለ ሰዓት ከተነሣ፣ የዱሮ ታይላንዳውያን ጠዋትን ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ይቆጥሩ ስለነበር ይህንኑ ሰዓት እንደ እኛው «ሁለት» ይሉት ነበር፤ የዛሬዎቹ ለጠዋቱ «ስምንት» ማለት ቢጀምሩም ማታ ላይ አልተለወጡም። የባንኮክ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት እንገናኝ ካለ፣ የቀጠረው የአዲስ አበባ ሰው በሚያውቀው 1 ሰዓት ላይ ነው።