ጋርድ እንምረጥ ወይስ ይቅርብን? ስለ ድራፍት ደጋግመን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሜይ 12 ቀን 2025 ምሽት ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የሐበሻ ካፌ ቁጭ ብለን የኤንቢኤን፣ የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የድራፍት ሎተሪ እያየን ነበር፤ ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበት ድራፍት ይባላል፣ የተራው እጣ ደግሞ ሎተሪ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዋሽንግተን ዊዛርድስ ከ82 ጨዋታ 18ቱን ብቻ አሸንፎ የጨረሰበት ዓመት ነው። ብዙ የተሸነፈ ቡድን በእጣው የተሻለ ዕድል ስላለው፣ ያን ሁሉ ሽንፈት የቻልነው ለዚያች ምሽት ስንል ነበር። ካርዶቹ ከ14ኛው ጀምረው ወደ አንደኛው እየተገለጡ መጡ። ስድስተኛው ሲገለጥ የኛ ዓርማ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ማኪያቶውን አንሥቶ ነበር፤ ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያች ምሽት እስከ ድራፍቱ ቀን፣ እስከ ጁን 25 ድረስ፣ በጠረጴዛችን ዙሪያ ክርክሩ አንድ ብቻ ሆነ። በስድስተኛው ምርጫ ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራ፣ ብዙውን ጊዜ አጠር ያለ ተጫዋች) እንውሰድ ወይስ አንውሰድ? የኛ ሰዎች ደጋግመው ያነሡት የነበረው ልጅ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ትሬ ጆንሰን ነው። እኔ እንውሰድ ከሚሉት ወገን ነበርኩ። በክርክሩ መሐል ግን ከሁለቱም ወገን፣ ከራሴም ጭምር፣ በየዓመቱ የሚደጋገሙ ስሕተቶች ሰማሁ። አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«በጣም የተሸነፈ ቡድን አንደኛውን ምርጫ ያገኛል»

አያገኝም። እጣው ይወጣለታል እንጂ የተሰጠው ነገር የለም። ከ2019 ጀምሮ በነበረው ሥርዓት፣ ለዚያ ምሽትም በሠራው፣ ከታች ያሉት ሦስት ቡድኖች አንደኛ የመሆን ዕድላቸው እኩል 14 በመቶ ነው። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች ማሽን ውስጥ ይገባሉ፣ አራቱ ይወጣሉ። ሊወጣ የሚችለው ጥምረት 1,001 ሲሆን 1,000ው ለ14ቱ ቡድኖች ይከፋፈላል። በዚህ መንገድ የሚወሰኑት የመጀመሪያዎቹ አራት ምርጫዎች ብቻ ናቸው፤ ከአምስተኛው በኋላ ያለው በሽንፈት ብዛት ይደረደራል። ስለዚህ የመጨረሻው ቡድን ቢከፋበት አምስተኛ፣ ከመጨረሻ ሁለተኛው ቢከፋበት ስድስተኛ ነው የሚሆነው። በዚያ ዓመት በሁለቱም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። 17 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ዩታ አምስተኛ፣ እኛ ስድስተኛ ሆንን። 1.8 በመቶ ዕድል ይዞ የገባው ዳላስ አንደኛ ወጥቶ ኩፐር ፍላግን ወሰደ።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ የሚያነሣው አንድ ቁጭት አለ። በውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከማያሚ ጋር ስንጫወት የ19 ዓመቱ ጋርዳችን ባብ ካሪንግተን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሷን አስገብቶ አሸነፍን። «ያቺ ኳስ ባትገባ ፍላግ የኛ ነበር!» ይላል። አልነበረም። ብትገባም ባትገባም ዕድላችን 14 በመቶ ነበር። ያቺ ኳስ የለወጠችው ከዩታ ጋር እኩል ከመጨረስ ይልቅ ከመጨረሻ ሁለተኛ እንድንሆን ነው፤ ማለትም ክፉው ቢመጣ የምንወድቅበትን ቦታ። እኔ እንዲያውም ያቺን ኳስ እወዳታለሁ። በመጀመሪያ ዓመቱ 82ቱንም ጨዋታ የተሰለፈ ልጅ፣ ምንም የማይገኝበት በሚመስል ቀን፣ የመጨረሻውን ኳስ ከኔ ወዲያ ማን ይወርውራት ብሎ ሲወስዳት ማየት ነው ጋርድ መፈለግ ማለት።

«ጋርድ አለን፤ ሌላ ምን ያደርግልናል?»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ እሰጠዋለሁ። የኛ ሰዎች መከራከሪያ፣ «ካሪንግተንን ዓምና በ14ኛ ወስደናል፣ አሁን የሚያስፈልገን ትልቅ ሰው ነው» የሚል ነበር።

በ1983 ፖርትላንድ ክላይድ ድሬክስለር የሚባል ጋርድ በ14ኛ ምርጫ አገኘ። በዓመቱ ሁለተኛው ምርጫ ደረሰው። ጋርድ አለን፣ የጎደለን ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ትልቅ ሰው) ነው ብሎ ሳም ቦዊን ወሰደ። ሦስተኛ የነበረው ቺካጎ ማይክል ጆርዳንን አነሣ። የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስድስት ዋንጫ። ቦዊ መጥፎ ተጫዋች ሆኖ አይደለም፤ እግሩ ደጋግሞ እየተሰበረ ነው የተቸገረው። ስሕተቱ ግን ሐኪም ጋ ከመድረሱ በፊት፣ «አለን» በምትለው ቃል ላይ ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2009 ጎልደን ስቴት በሰባተኛ ምርጫ ስቴፈን ከሪን ሲወስድ የቡድኑ ኮከብ ሞንታ ኤሊስ የሚባል ቀጭንና ፈጣን ጋርድ ነበር። ኤሊስ ሁለታችን አብረን ተሰልፈን ማሸነፍ አንችልም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከመከላከል አንጻር ትክክል ሳይሆን አልቀረም፤ ሁለት ትንንሽ ጋርዶች ጎን ለጎን ማቆም ከባድ ነው። ቡድኑ ግን ከሪን አልመለሰውም። ጊዜ ሰጥቶ አየ፣ በማርች 2012 ኤሊስን ለሚልዋኪ ሰጥቶ ሴንተሩን አንድሩ ቦጉትን አመጣ። በ2015 ዋንጫ ሲያነሡ ቦጉት የቡድኑ ሴንተር ነበር። ትርፍ ጋርድ ካለህ ትልቅ ሰው ልትገዛበት ትችላለህ፤ ያላነሣኸውን ልጅ ግን በምንም አትለውጠውም።

ሒሳቡንም እንሥራው። አንድ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው፣ ሁለት የጋርድ ቦታ አለ፤ 96 ደቂቃ። ዋና የሚባል ጋርድ 34 ደቂቃ ቢጫወት ሁለቱ 68 ይይዛሉ፣ 28 ደቂቃ ይቀራል። ሦስተኛው ጋርድ ሥራ አያጣም ማለት ነው። ደግሞስ 18 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን የትኛው ቦታው ሞልቶ ነው «ይኼ አለን» የሚለው?

«ከሪን እኛ ነን አሳልፈን የሰጠነው»

የዋሽንግተን ሰው ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። እኔም ለዓመታት ተናግሬዋለሁ። እውነቱ ግማሽ ነው። በ2009 አምስተኛው ምርጫ የኛ ነበር። ከድራፍቱ በፊት ለሚኒሶታ ሰጥተን ማይክ ሚለርንና ራንዲ ፎይን አመጣን። ሚኒሶታ በአምስተኛው ሪኪ ሩቢዮን፣ በራሱ ስድስተኛ ጆኒ ፍሊንን ወሰደ። ሁለቱም ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ኳስ አቀባይ ጋርድ፣ ናቸው። ከሪ ወደ ሰባተኛ አለፈ። ሩቢዮ እስከ 2011 ከስፔን አልመጣም፣ ፍሊን በኤንቢኤ የቆየው ሦስት የውድድር ዓመት ነው።

ምርጫው በእጃችን ቢቆይ ከሪን እንወስድ ነበር የሚለው ግን ግምት ነው፤ ከሪ ሳይታይ ያለፈው በአንድ ቡድን ብቻ አይደለም። ያለ ግምት የምናውቀው ሌላ ነው። ለ«ዝግጁ ተጫዋች» ብለን ምርጫውን ሰጠን፣ 26 አሸንፈን 56 ተሸነፍን፣ በዓመቱ ሚለርም ፎይም ሄዱ። ልንቆጭ የሚገባን በዚህ ነው።

«ቁመቱ አጭር ነው፤ እዚህ ሊግ አይሆንም»

ይህን የሚል የዋሽንግተን ደጋፊ ካለ የራሱን ቡድን ታሪክ ያስታውስ። በ1987 ቡድኑ ገና ቡሌትስ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ 1 ሜትር ከ60 የነበረውን መግሲ ቦግስን በ12ኛ ምርጫ ወሰደ። ከሱዳኑ ከማኑት ቦል ጋር ጎን ለጎን ተሰለፉ፤ ቦል 2 ሜትር ከ31 ነው። ሰው ፎቶአቸውን ያስታውሳል፣ ቀጥሎ የሆነውን ግን ይረሳል። በዓመቱ አዳዲስ ቡድኖች ሲቋቋሙ ነባሮቹ ካልያዟቸው ተጫዋቾች ይመርጡ ነበር፤ ዋሽንግተን ቦግስን ከሚይዛቸው መሐል ሳያስገባው ተወው፣ ሻርሎት ወሰደው። እዚያ ወደ አሥር ዓመት ተጫውቶ በክለቡ ታሪክ ከሁሉም በላይ አሲስት (ነጥብ የሚሆን ኳስ ማቀበል) ያደረገ ተጫዋች ሆነ። ልጁን የመረጡ ዓይኖች ልክ ነበሩ፤ ትዕግሥቱ ነው ያጠረው።

6 ጫማ አይሞላም ይባል የነበረው አለን አይቨርሰን በ1996 አንደኛ ተመርጦ በ2001 የዓመቱ ኮከብ ሆነ። ክሪስ ፖል፣ በ33ኛ የተመረጠው ጄለን ብረንሰን፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

ሆኖም «ቁመት ምንም አይደለም» የሚለውም ሌላው ስሕተት ነው። ፕሌይ ኦፍ (ለዋንጫው የሚደረጉት የመጨረሻ ዙሮች) ላይ አንድ ጊዜ አተኩራችሁ እዩ። ኳስ የያዘው ኮከብ አጭሩን ጋርድ በዓይኑ ይፈልገዋል። አጭሩ የሚጠብቀውን ሰው ና ብሎ ይጠራዋል፣ ያ ሰው መጥቶ በደረቱ የኮከቡን ጠባቂ መንገድ ይዘጋበታል፣ ተከላካዮቹ ሰው ይለዋወጣሉ። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ አጭሩ ልጅ ከ2 ሜትር ሰው ፊት ብቻውን ቆሟል። ያንን ከጨረሱ በኋላ እንደገና ይደግሙታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ስንት ጫማ ነው የሚል ብቻ መሆን የለበትም። እጁን ሲዘረጋ የት ይደርሳል? ሲገፋ ይቆማል? ደግሞም ከኋላው የሚደርስለት ረጅም ተከላካይ አለን? የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ልጁ አይደለም፣ ስለ ቡድኑ ነው።

«የሦስት ነጥብ መቶኛውን አይተህ ፍረድ»

አንድ ልጅ ኮሌጅ ሳለ በዓመት 200 ሦስት ነጥብ (ከሩቅ የሚወረወር ኳስ) ወረወረ እንበል። 70 ካስገባ 35 በመቶ ነው፣ 76 ካስገባ 38። «አይወረውርም» እና «ጎበዝ ወርዋሪ» መሐል ያለው ልዩነት በአንድ ዓመት ስድስት ኳስ ነው። ፍሪ ስሮው (ከጥፋት በኋላ የሚሰጠው ነጻ ውርወራ) ግን ተከላካይ የለበትም፣ ርቀቱ አይለወጥም፤ የእጁን ትክክለኛ ጠባይ የሚያሳየው እሱ ነው። እኔ በትሬ ጆንሰን የተማረክሁት በጨዋታ 19.9 ነጥብ ማስቆጠሩ አይደለም፤ 87 በመቶ ፍሪ ስሮው ማስገባቱ ነው።

የማይወረውር ጋርድ ዋጋ የለውም ማለትም አይቻልም። ጆን ዎል በ2010 አንደኛ ሲመረጥ በውርወራው አልነበረም የመጣው፣ በፍጥነቱና በማቀበሉ ነው። ያ የሎተሪ ምሽት ከመድረሱ ልክ ስምንት ዓመት በፊት፣ ሜይ 12 ቀን 2017፣ ቦስተንን 92 ለ91 ያሸነፍንባትን ሦስት ነጥብ የወረወረው እሱ ነው። የውጤት ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ሲወጣ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ቻይናታውን ጣቢያ ወርደን የሬድ ላይን ባቡር እስክንይዝ ማንም ዝም አላለም።

«ከትንሽ ኮሌጅ ነው የመጣው»

ስቲቭ ናሽ ከሳንታ ክላራ፣ ከሪ ከዴቪድሰን፣ ሊላርድ ከዊበር ስቴት፣ ጃ ሞራንት ከመሪ ስቴት ነው የመጡት። እኛ በ2022 ከትልቅ ኮሌጅ፣ ከዊስኮንሰን፣ የኮሌጅ ሊጉ ኮከብ የነበረውን ጋርድ ጆኒ ዴቪስን በአሥረኛ ወሰድን፤ በፌብሩዋሪ 2025 በዝውውር ሄደ። ከሁለት ምርጫ በኋላ፣ በ12ኛ፣ ኦክላሆማ ሲቲ የሳንታ ክላራውን ጄለን ዊልያምስን አነሣ። በ2025 ሻምፒዮን ሆነ።

«አንድ ዓመት አይተነዋል፤ በቃ»

ቻንሲ ቢለፕስ በ1997 በቦስተን ሦስተኛ ተመረጠ። 51 ጨዋታ ተጫውቶ ወደ ቶሮንቶ ተላከ። ከዚያም ከቡድን ቡድን ዞረ። በ2004 ከዲትሮይት ጋር ዋንጫ ሲያነሣ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር። ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር በ2018 በ11ኛ ተመርጦ በዚያችው ሌሊት ለሌላ ቡድን ተሰጠ፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተዛወረ፤ በ2025 የዓመቱም የፍጻሜውም ኮከብ ሆነ። በ21ኛ የተመረጠው ታይሪስ ማክሲ መጀመሪያ ዓመቱ ላይ በጨዋታ 15 ደቂቃ አካባቢ ነበር የሚያገኘው።

ጋርድነት ዘግይቶ የሚበስል ነገር ነው። ረጅም ሰው ቅርጫቱ ሥር ቆሞ በቁመቱ ብቻ መጥቀም ይችላል። ጋርድ ግን ከጨዋታው ፍጥነት ጋር አንድ ሺህ ውሳኔ መማር አለበት፤ ተከላካዩ ከየት ይመጣል፣ ማን ክፍት ነው፣ ኳሷን መቼ ልያዛት መቼ ልልቀቃት። ኳስ ሲያጣ አብዝቶ የሚታየውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ኳሷ በእጁ ናት። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ውሉ አራት ዓመት ነው፤ ሁለቱ የተረጋገጡ ናቸው፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ማስቀጠል የቡድኑ ምርጫ ነው። ማለትም ሊጉ ራሱ ቢያንስ ሁለት ዓመት እዩት ብሎ ነው የሠራው።

ጁን 25 ማታ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ድራፍቱን አላየሁም። ስልኬ ጠራ፣ ያ የማኪያቶው ጓደኛዬ ነው።

«ወንድሜ፣ ጋርዱን ወሰዱት! ትሬ ጆንሰንን!»

«ደስ አላለህም?»

ትንሽ ዝም አለ። «ፍሪ ስሮው ስንት ነው ያልከኝ?»

«ሰማንያ ሰባት።»

«እሺ። ኦክቶበር ላይ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» ብሎ ዘጋው።