ማትሪክ፦ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፉክክርና መዘዙ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ወሳኙ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ስሙ ደጋግሞ ቢቀየርም ሕዝቡ ዛሬም «ማትሪክ» ይለዋል። የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት እናት የሆነው የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 33 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት እሱና ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ነበሩ፤ አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው።

በሩ ሲሰፋ ተፈታኙም በዛ፤ ከተፈታኙ ጋር ኩረጃውም አደገ። አጤሬራ በእጅጌ መያዝ ቀርቶ መልስ በስልክ መላላክ መጣ። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በፌስቡክ ተለቀቀና ፈተናው ተሰርዞ ሐምሌ ላይ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት እስከማቋረጥ ተደርሷል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው የ2014 ተፈታኞች ላይ ነው። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ልጆቹ ብርድ ልብስና አንሶላቸውን ይዘው በአውቶቡስ ተጫኑ፤ በር ላይ ተፈትሸው፣ ያለ ስልክ ገቡ፤ በዶርም አደሩ፣ በካፌው በሉ። ለብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኑሯቸው ያቺው የፈተና ሰሞን ብቻ ሆና ቀርታለች። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው።

ትምህርት ሚኒስቴር የቀድሞው ውጤት በኩረጃ ያበጠ እንደነበር ይናገራል፤ ይህ አያከራክርም። ጦርነቱ፣ ኮቪድና የመምህራን እጥረት የየራሳቸው ድርሻ ሳይኖራቸው እንዳልቀረ የሚሞግቱም አሉ። በትግራይ ልጆች ለዓመታት ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል፤ በአማራ ክልልም በግጭቱ ብዙዎች ለፈተና ሳይቀመጡ ቀርተዋል።

50 በመቶ ላልሞላላቸው፣ ግን ለተጠጉት፣ የአቅም ማሻሻያ («ሪሜዲያል») ፕሮግራም ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ዙር 100 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ገብተውበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ፈተና ስላለ ልጁ ግቢ ገብቶም ቢሆን «ፍሬሽ» ለመባል ገና ነው። ጎረቤት «ተመደብህ ወይ?» ሲለው የሚመልሰው ይቸግረዋል።

ፉክክሩ ቤት ውስጥም ገብቷል። አቅም ያለው ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ክረምቱም በማጠናከሪያ ትምህርት ያልፋል። ክልሎች ጎበዞችን መርጠው የሚያስተምሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያቋቁማሉ፤ መቐለ የሚገኘው ቃላሚኖና አዳማ ያለው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤት በዚህ ቀድመው ስም ያወጡ ናቸው። ጎበዙ ሲለቀም፣ በወረዳው ትምህርት ቤት የቀረው ልጅ አብሮት የሚያጠና፣ ያልገባውን የሚያስረዳው ጓደኛ ያጣል። ይህ ጉዳት በየትኛውም የውጤት ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ብሔራዊውን ፈተና ላለፉት የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ አንጋፋነቱን የሚመጥን እርምጃ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከብሔራዊው ፈተና ተፈታኞች ከፊሎቹ በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ መብራት ካልገባበት ቀበሌ የመጣው ልጅ ከጥያቄው በፊት ማውሱን መልመድ አለበት።