«የቦታው አገልግሎት» ምንድን ነው?

ቤት ሊገዛ የወጣ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካርታ አለው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ካሬው ይጠየቃል። ከዚያ ከአስፋልት ምን ያህል እንደሚገባ፣ ውሃና መብራት እንዳለው። ካርታው ላይ ግን «የቦታው አገልግሎት» የምትል አጭር መስመር አለች። ከፊቷ «መኖሪያ»፣ «ንግድ»፣ «ቅይጥ» (መኖሪያም ንግድም) ወይም ሌላ ነገር ይጻፋል። ብዙ ሰው ስምና ስፋት አይቶ እሷን ያልፋታል። እኔ ከካርታው ሁሉ ከባዷ መስመር እሷ ናት እላለሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምንሸጠውና የምንገዛው ቤቱን ነው። በመሬቱ ላይ ያለን የመጠቀም መብት ብቻ ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለው መጠቀም ከሆነ «ለምን ልጠቀምበት?» የሚለው ጥያቄ የይዞታችን ልብ ነው ማለት ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ይህን በዓመት ቆጥሮ ያሳያል። ለመኖሪያ የሚሰጥ ቦታ የመጠቀሚያ ጊዜው 99 ዓመት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለኢንዱስትሪ ሲሆን 70፣ ለንግድ ሲሆን 60 ይሆናል። ለከተማ ግብርና ከሆነ 15 ብቻ። ቦታው ያው፣ አፈሩም ያው። አንዲት ቃል ስትቀየር ዕድሜው ይቀየራል።

ታዲያ ያቺን ቃል ማን ጻፋት? ካርታውን የሞላው ባለሙያ ከራሱ አላመጣትም። ከከተማው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ወስዶ ነው። ይህ ፕላን የከተማው የትኛው ክፍል ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ፣ የትኛው ለፋብሪካ፣ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለአረንጓዴ እንደሚውል አስቀድሞ የሚወስን ነው። ከተማውን እንዲህ በየአገልግሎቱ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ደንብ ማውጣት ደግሞ ዞኒንግ ይባላል። ቃሉ እኛ ዘንድ ትንሽ ያደናግራል። «ዞን» ስንል ሰሜን ሸዋ ዞን ወይም ጌዴኦ ዞን ነው የሚመጣብን። ያ የአስተዳደር እርከን ነው፤ ከዚህኛው ጋር አይገናኝም።

ሐሳቡ ግን እንግዳ አይደለም። ገጠር ጎጆ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። መደቡ፣ ጓዳው፣ ከብቱ የሚያድርበት ጋጥ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ቦታው ለየብቻ ነው። ጥጃ መደብ ላይ አይታሰርም። ዞኒንግ ይህንኑ በከተማ ልክ ማድረግ ነው።

ደንቡ በአብዛኛው አራት ነገር ይነካል። እዚያ ቦታ ላይ ምን ይሠራል? ስንት ፎቅ ይወጣል? ከግቢው ምን ያህሉ በሕንፃ ይሸፈናል? ከአጥሩና ከመንገዱ ምን ያህል ይራቃል? ከአራቱ የመጀመሪያው ቶሎ ይገባል። ጎረቤታችሁ ግቢ ውስጥ የእህል ወፍጮ ተተከለ እንበል። ሰውየው በገዛ ግቢው ነው የተከለው። ነገር ግን ንዝረቱ የእናንተን ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፣ ብናኙ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ሕፃን ልጅ ቀን አይተኛም። ወፍጮ ደግሞ ሰፈሩ ያስፈልገዋል። ፕላን ከሌለ ይህ ጉዳይ የሁለት ጎረቤቶች ጠብ ሆኖ ይቀራል። ፕላን ካለ ግን የወፍጮው ቦታ ቀድሞ ታስቦበታል፤ ማንም ከማንም ጋር አይቀያየምም።

የከፍታው ነገር ሌላ ምክንያት አለው። ለአውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ የሆነ ሰፈር ላይ አቅም ስላላችሁ ብቻ ጂ+15 አትሠሩም፤ የበረራ መስመር አለ። ሌላው ምክንያት ፀሐይና አየር ነው። ኒውዮርክ ከተማ በ1916 እ.ኤ.አ. ታዋቂውን የዞኒንግ ሕጓን ስታወጣ አንዱ መነሻ ይኸው ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኢኩቴብል የተባለ ወደ 40 ፎቅ የሚጠጋ ሕንፃ ከመንገዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ጥላው ጎረቤቶቹን ሁሉ ዋጠ። ከሕጉ በኋላ ረጃጅም ሕንፃዎች ከፍ ባሉ ቁጥር ከመንገዱ ወደ ኋላ እየሸሹ እንዲሠሩ ተደረገ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልመለስ፤ የከተማዋ ታሪክ በዚህ ጉዳይ ሙሉ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሚመራት የወረቀት ፕላን አልነበረም። ሰፈሮቹ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነው የበቀሉት። ጌታው ከላይ፣ ሎሌውና ወታደሩ ከሥሩ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እየተባለ። ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር ይኖር ነበር። የዚህ ልማድ አሻራ ዛሬም አልጠፋም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጊዲና ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች ያወጡት የወረራው ዘመን ፕላን የከተማዋን መሬት በዘር ከፈለው። እዚህ ለአውሮፓውያን፣ እዚያ ለ«አገሬው» ተባለ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ። መርካቶ የምንለው እሱ ነው፤ ስሙም የጣሊያንኛ «ገበያ» ነው። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ተቋም ነው፤ ካሳ ኢንቺስ ከሚለው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ወራሪው 5 ዓመት ቆይቶ ሄደ። ያሰመረው መስመር ግን እስካሁን የት እንደምንገበያይ ይወስናል። ፕላን ሰው ለመጥቀም እንደሚወጣ ሁሉ ሰውን ከሰው ለመለየትም ወጥቶ ያውቃል። ስለዚህ «ማን አወጣው? ለማን አስቦ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዛሬ በአገራችን ከተሞች ጉዳዩን የሚመራው በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ነው። በከተማ ደረጃ ሁለት ፕላኖችን ማወቅ ይበቃል። አንዱ መዋቅራዊ ፕላን ነው። ሰው በልማድ «ማስተር ፕላን» የሚለው ይህን ነው። የከተማውን ዋና መንገዶች፣ የዕድገት አቅጣጫና የመሬት አጠቃቀም በጥቅሉ ያሳያል፤ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። እሱ ወደ ሰፈር ይወርዳል። የውስጥ መንገዱን፣ የሕንፃውን ከፍታና ዓይነት በዝርዝር የሚናገረው እሱ ነው።

አዲስ አበባ በ2009 ዓ.ም. ያወጣችው መዋቅራዊ ፕላን «30፣ 30፣ 40» የሚባል ስሌት አለው። ከከተማዋ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለሕንፃ ይዋል ይላል። ቁጥሩን ደጋግማችሁ አንብቡት። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት አይሠራበትም ማለት ነው። ስለዚህ «ይሄ ባዶ መሬት እኮ ዝም ብሎ ተቀምጧል» የምንለው የወንዝ ዳር፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ሥራ አለው። ውሃ ያሰርጋል፣ ጎርፍ ያስተነፍሳል፣ ልጅ ያሳድጋል። እዚያ ላይ የጨረቃ ቤት የሠራ ሰው አንድ ቀን መፍረስ እንደሚመጣበት ልቡ ያውቀዋል።

ሰውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ብዙ ቦታ ነዋሪው ቀድሞ ሰፍሮ፣ ልጅ ወልዶ፣ ዕድር መሥርቶ ከኖረ በኋላ ነው ፕላኑ የደረሰው። ከዚያ መንገዱ በሳሎኑ መሐል ያልፋል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታ ሊነሳ እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ካሳ እንዲከፈልም ያዛል። ግን ዕድሩንና ጉርብትናውን ብር አይተካውም። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድ ያቀናጅ የነበረው ማስተር ፕላን ያስነሣውን ተቃውሞ እናስታውሳለን። ገበሬው ከመሬቴ እነቀላለሁ ብሎ ሰጋ። የሰው ሕይወት ጠፋ። ፕላኑ በጥር 2008 ቀረ። ወረቀት ላይ ያለ ቀለም የሰው እርሻ መሆኑ ከተረሳ የሚመጣው ይህ ነው። የከተማ ፕላን አዋጁ ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ወረዳችሁ ለእንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ እባካችሁ ሂዱ። ከጸደቀ በኋላ መጮህ ከባድ ነው።

ነገሩ የከተማ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1997 ዓ.ም. ወጥቶ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም እንዳይገባበት ከልክሎ ነበር። ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ይዋል ነው ያለው። ያም የመሬት አጠቃቀም ደንብ ነው፤ አፈሩ በክረምት ጎርፍ እንዳይሄድ።

አሁን ወደ እናንተ ቦታ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ካርታው ላይ ያለውን አገልግሎት አንብቡ። ሻጩ «መኖሪያ ቢልም ሱቅ መክፈት ይቻላል» ካላችሁ አትመኑ። የአገልግሎት ለውጥ የሚባል ሥርዓት አለ፤ የሚፈቀደው ግን ለውጡ ከፕላኑ ጋር ሲስማማ ነው። ከዚያ ክፍለ ከተማ ሂዱና ቦታውን መንገድ ወይም አረንጓዴ ይነካው እንደሆነ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ አረጋግጡ። ልትገነቡ ካሰባችሁ ከግንባታ ፈቃድ በፊት የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ሐሳባችሁ ከፕላኑ ጋር እንደሚሄድ የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ማግኘት ግድ ነው። ስምምነቱ ሳይያዝ ለአርክቴክት የተከፈለ ብር ብዙ ጊዜ ይባክናል።

እግረ መንገዳችሁን ስለ ጎረቤት ቦታም ጠይቁ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። በስተምሥራቅ በኩል ያለው ባዶ ግቢ ቅይጥ ተብሎ ከተመደበ፣ እዚያ ላይ ሕንፃ ሲነሣ የጠዋት ፀሐይ እናንተ ግቢ አትገባም። በርበሬ የምታሰጡበትን ቦታ ከአሁኑ በሌላ በኩል አስቡበት።