«ኦልዞው» ካለ «በት» አይገባም

የደብረ ብርሃን ተፈታኞች ግሩፓችን ውስጥ በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» (ምንም እንኳ) ካለ «በት» (ግን) መጨመር ይቻላል ወይ የምትለው ጥያቄ ተደጋገመች፤ እስቲ ላስረዳ።

«ኤንድ»፣ «በት»፣ «ሶ» እኩል የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን ያያይዛሉ። «ኦልዞው»፣ «ቢኮዝ»፣ «ኢፍ» ግን የገቡበትን ሐረግ ጥገኛ ያደርጉታል፤ ብቻውን አይቆምም።

«ኦልዞው ኢት ዋዝ ኮልድ፣ ዊ ዌንት ቱ አንኮበር» ትክክል ነው። ብርድ ቢሆንም አንኮበር ሄድን ማለት ነው። ከ«ዊ» በፊት «በት» ከጨመራችሁ ተበላሸ። አንዱ መስተጻምር (አያያዥ ቃል) ሥራውን ጨርሷል። እኛ «ቢበርድም ግን ሄድን» ማለት ስለለመድን ነው የሚያምታታን። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንደዚያው አብረው አይገቡም።

ይህ ቁርጥ ያለ ሕግ ነው። ዓረፍተ ነገርን በ«በት» መጀመር ግን ሰዋስው አይከለክለውም፤ በድርሰት ላይ የማይወዱት መምህራን ስላሉ የራሳችሁን ጠይቁ።